ጎርፉን ማን ይሸከመው? የፎገራ ሜዳ ጥያቄ

ከጉና ተራራ የሚነሡት ርብና ጉማራ በየክረምቱ ወደ ጣና ሲወርዱ ሞልተው የፎገራን ሜዳ ማልበሳቸው የቆየ ነገር ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ግን ውኃው ከማሳ አልፎ ከመንደር ገባ። በፎገራና በሊቦ ከምከም ወረዳዎች በሺህ የሚቆጠሩ አርሶ አደሮች ቤታቸውን ለቀው ወጡ። ደቻቱ ድሬዳዋን በሌሊት የመታው፣ ኦሞም በዳሰነች ሕዝብ ላይ እልቂት ያደረሰው በዚያው ክረምት ነበር።

እንዲህ ያለ አደጋ በደረሰ ቁጥር ቀድሞ የሚነሣው ሐሳብ ወንዙን ግራና ቀኝ በአፈር ክትር ማጠር ነው። ክትር የሰው ሕይወት እንደሚያተርፍ የምንክድ አይደለንም። ነገር ግን ተጨባጩን ሁኔታ በጥሞና ለመረመረ ሰው በውስጡ ያለው ቅራኔ ወዲያው ይታየዋል። ርብ የሚያወርደው ውኃ ብቻ ሳይሆን ከተራቆተው ተዳፋት የታጠበውን አፈር ጭምር ነው። በሜዳው ላይ ይበተን የነበረው ደለል በሁለት ክትሮች መካከል ሲታፈን ከወንዙ ወለል ላይ ይተኛል። ወለሉ ከፍ ሲል ክትሩም ከፍ ማለት አለበት፤ የተሰበረ ዕለት ደግሞ ጎርፉ በባሰ ጉልበት ይወርዳል።

በሌላ በኩል ሜዳው የሚኖረው በዚሁ ውኃ ነው። በ1970ዎቹ ዓ.ም. የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በጅግናና በሻጋ የአምራቾች ማኅበራት ሩዝ ያስለመዱት (ኤክስ ጅግና የተባለው ዘር ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው) መሬቱ ውኃ የሚተኛበት በመሆኑ ነው። የከተማው ሠራተኛ ዛሬ ከገበያ የሚገዛው የአገር ውስጥ ሩዝ ጥቂት የማይባለው ከዚህ ሜዳ የመጣ ነው። የፎገራ ላምም በውኃ ሽሽ ሣር ትሰማራለች። ሸሸርና ወላላ የተባሉት ረግረጎች ግን ከርብ ትርፍ ውኃ ሲቆረጡና በሞተር ሲቀዱ ክፉኛ ጠበዋል።

እዚህ ላይ ሊሰመርበት የሚገባ ነጥብ አለ። መሬት ያጣ ወጣት በረግረጉ ዳር ቢዘራ የተፈጥሮ ጠላት ተብሎ ሊወገዝ አይገባውም። መሠረታዊው ጥያቄ፣ ለወንዙ የሚለቀቀው መሬት ዋጋ በማን ትከሻ ላይ ይውደቅ የሚለው ነው። ሆላንድ በ1995 እ.ኤ.አ. ሩብ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ከጎርፍ ካሸሸች በኋላ፣ ክትር ከማሳደግ ይልቅ ከ30 በላይ በሆኑ ሥፍራዎች ለወንዞቿ ቦታ ለቀቀች፤ ለተነሡት ገበሬዎችም ካሣ የከፈለው መንግሥት ነበር።

የሆላንድ ሀብት በእጃችን የለም። ሆኖም ክትሩን ከወንዙ አርቆ መንደሩን፣ ትምህርት ቤቱንና ጤና ጣቢያውን መክበብ፣ ግጦሹንና ረግረጉን ለውኃው መተው ከአቅም በላይ አይደለም። 234 ሚሊዮን ሜትር ኩብ የሚይዘው የርብ ግድብ የክረምቱን ሙላት በከፊል ያቀልላል፤ ጉና በእርከንና በደን ካልተሸፈነ ግን ደለሉ ወደ እርሱም ይሄዳል። ማሳው ለሚሰጥም አርሶ አደር ካሣና ምትክ መሬት በነሐሴ ጭቃ ውስጥ ሳይሆን በጥር፣ በየቀበሌው ስብሰባ፣ የረግረጉ ዳር አራሽ ራሱ ባለበት መወሰን ይኖርበታል።