ታንኳን በፖስት ካርድ አታድኑት

«ደብረ ወርቅ ተቀምጦ ስለ ጀልባ ምን አገባው?» የሚል አይጠፋም። ጎጃምን እንደ መቀነት የጠመጠመው አባይ ከጣና ይወጣልና ያገባኛል።

«ታንኳ ቅርሳችን ነው!» ማለት እንወዳለን። ቅርስ ሲባል የሚታየን ግን መስታወት ውስጥ የተቀመጠ ዕቃ ነው። ታንኳ እንደዚያ አይደለም ወዳጄ! ከደንገል የታሰረ ነውና ውኃ ሲጠጣ ይከብዳል፤ ባለቤቱ ጎትቶ አውጥቶ ፀሐይ ያሞቀዋል። ከጥቂት ወራት በኋላ ያረጃል፣ ሌላ ይታሰራል። እድሳቱ ርካሽ ነው፦ ቀለም አይሻ፣ ሚስማር አይሻ። የሚፈልገው ደንገልና የሚያስር እጅ ብቻ ነው።

እኛ ደግሞ የጨከንነው በሁለቱ ላይ ነው። የሐይቁ ዳርቻ ሲሸሽ ደንገሉ ተመንጥሮ እርሻ ይሆናል። ጥበቡን ጠብቀው ያቆዩትን ወይጦዎች ስንንቅ ኖረን፣ ታንኳቸውን በፖስት ካርድ እንሸጣለን። ኧረ እንፈር!

ኖርዌጂያዊው ቶር ሄየርዳል በ1969 እና በ1970 እ.ኤ.አ. «ራ» የተባሉትን ሁለት ጀልባዎች ያሠራው በጣና ደንገል ነበር። ሁለተኛዋ ከሞሮኮ ተነሥታ በ57 ቀን ባርቤዶስ ገባች። አትላንቲክን ያቋረጠውን ደንገል እኛ «የድሃ ጀልባ» ብለን እናልፈዋለን።

ዩኔስኮ ጣናን በ2015 እ.ኤ.አ. ባዮስፌር ሪዘርቭ ብሎ መዝግቦታል። እሰየው! መዝገብ ግን ደንገል አያበቅልም። ታንኳን ለማዳን ጥቂት ብር ያለው ሐውልት አያቁምበት፤ ደንገሉን ከማረሻ ያስጥል፣ ለአሳሪው የሙያውን ዋጋ ይክፈል። የቀረውን እነሱ ያውቁበታል።