ይድረስ ለአሪቻ እናቶችና አባቶች፦ የልጆቻችሁን ጉሮሮ እዩልኝ



የዘጠኝ ወይም የአሥር ዓመት ልጅ አፉ በድንገት ሲጣመም፣ የያዘው ኩባያ ከእጁ ሲወድቅ፣ ምላሱ ሲተሳሰር ጎረቤት ተሰብስቦ የሚለው ይታወቃል፤ «ምች መታው»፣ «ነፋስ ነው»፣ «የሰው ዓይን ነው»። ስትሮክ ነው የሚል አይገኝም። ስትሮክ የአዛውንትና የደም ግፊት ያለበት ሰው በሽታ ነው ተብሎ ተይዟልና። ግን ልጅንም ይመታል።

በዓለም ላይ ከልጆች ስትሮክ ጋር ስሙ ጎልቶ የሚነሣው ሲክል ሴል የሚባለው በዘር የሚወረስ የደም ማነስ ነው። ቀይ የደም ሕዋሱ እንደ ማጭድ ይቆለመምና ወደ አንጎል የሚሄደውን የደም ሥር ይጎዳል፣ ያጠብባል። ወባ ለዘመናት በበረታበት ምድር የሚበዛ ስለሆነ በአገራችን በይበልጥ የሚገኘው በጋምቤላና በቤኒሻንጉል ቆላ ነው። እነዚህን ልጆች ከሁለት ዓመታቸው ጀምሮ በየዓመቱ በጭንቅላት አልትራሳውንድ እያዩ አደጋ ያንዣበበባቸውን መለየት ይቻላል። እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር በ1998 የወጣ የአሜሪካ ጥናት፣ ለተለዩት ልጆች በየጊዜው ደም ሲሰጥ የመጀመሪያው ስትሮክ ከአሥር እጅ ዘጠኙ ያህል እንደሚቀንስ አሳይቷል። ከቆላ መጥታችሁ መካከላችን የምትኖሩ፣ ልጃችሁ ዓይኑ ቢጫ እየሆነ አጥንቱን ደጋግሞ የሚያመው ከሆነ ከየት እንደመጣችሁ ለሐኪሙ ንገሩት።

አሪቻ ግን ከፍ ያለ የቡና አገር ነው። እዚህ የምፈራው ሌላውን ነው፤ ከጉሮሮ ተነሥቶ በልብ በኩል አንጎል የሚደርሰውን።

ከ5 እስከ 15 ዓመት ያለ ልጅ «ጉሮሮዬን» ብሎ ምግብ እምቢ ሲል ቶንሲል ነው፣ ይለቀዋል እንላለን። ብዙውን ጊዜ እውነትም ይለቀዋል። አንዳንዱ ጉሮሮ ግን ስትሬፕቶኮከስ በሚባል ባክቴሪያ የታመመ ነው። ባክቴሪያውን ሊዋጋ የተነሣው የልጁ የመከላከል አቅም ከሁለት ከሦስት ሳምንት በኋላ ዞሮ የገዛ ልቡንና መገጣጠሚያዎቹን ሊያጠቃ ይችላል። ጉልበቱ ያብጣል፤ እሱ ሲሻለው ቁርጭምጭሚቱ፣ ከዚያ ክርኑ። አንዳንዱ ደግሞ እጁ ያለ ፈቃዱ ይወራጫል፤ የእጅ ጽሑፉ ይበላሻል፣ ዕቃ ይጥላል፣ ረባሽ ተብሎ ይቀጣል። ቁርጥማቱ ይጠፋል። ጠባሳው ግን የልቡ ቫልቭ ላይ ይቀራል። ቫልቩ በዓመታት ውስጥ ሲጠብ ደም ከኋላው ይከማቻል፣ ይረጋል። የረጋው ደም አንድ ቀን ተላቅቆ ወደ አንጎል ከሄደ ስትሮክ የምንለው እሱ ነው።

ስለ እንጥል ማስቆረጥ ሳልሸፋፍን ልናገር። ልጁ በጉልበት መሃል ተይዞ፣ ምላሱ ተጭኖ፣ እንጥሉ በምላጭ ቢቆረጥም ባክቴሪያው እዚያው ቶንሲሉ ላይ ነው። የተጨመረለት የደም መፍሰስና የቴታነስ አደጋ ብቻ ነው። አያቶቻችን ያደረጉት ሌላ መድኃኒት ስላልነበራቸው ነው፤ ዛሬ አለ። የስልካችሁን ባትሪ አብርታችሁ ጉሮሮውን እዩ። ቶንሲሉ ቀልቶ አብጦ ነጭ ነጥብ ከያዘ፣ አንገቱ ላይ ንፍፊት ካወጣ፣ ትኩሳት ኖሮት ሳልና ንፍጥ ከሌለው ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ጉሮሮው ከታመመ በ9 ቀን ውስጥ ሕክምና ከጀመረ ልቡን ማትረፍ ይቻላል። አንድ የፔኒሲሊን መርፌ፣ ወይም 10 ቀን የሚዋጥ መድኃኒት ነው፤ በሦስተኛው ቀን መጫወት ጀመረ ብላችሁ አታቋርጡት። ቀዩ ቡና ሲደርስ ለቀማ ትቶ ልጅ ይዞ መውጣት ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። ቢሆንም ውጡ።

ልቡ ቀድሞ የተጎዳ ልጅ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ ቤንዛቲን የሚባለውን ፔኒሲሊን ይወጋል፣ ለዓመታት። መርፌው ያማል፣ ልጁም ያለቅሳል፤ ቢዘለል ግን በሽታው ተመልሶ የቀረውን ቫልቭ ይበላል። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ቀዶ ሕክምና ነው። ለዚያም 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ ባለው የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል ወረፋ መያዝ ነው፤ ተራ የሚጠብቁት ልጆች በሺዎች ይቆጠራሉ። በ2007 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተሰናዳው የአፍሪካ ኅብረት መግለጫ ይህ ከጉሮሮ የሚነሣ የልብ በሽታ ከአህጉሩ እንዲጠፋ ሲጠይቅ ካነሣቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ፔኒሲሊን እንዲገኝ ነው። በጤና ጣቢያችን ሲጠፋ ዝም ብላችሁ አትመለሱ፤ ቀበሌውንም ወረዳውንም ጠይቁ።

የፈራነው ከደረሰና የልጁ አፍ ከተጣመመ፣ አንድ እጁ አልነሣ ካለ፣ ሰዓቱን ያዙና ወዲያው ወደ ዲላ ሆስፒታል ውሰዱት። ውኃም ምግብም አታቅምሱት፤ መዋጥ ካቃተው ወደ ሳንባው ይገባል። ጸሎቱ መኪና ውስጥም ይደረጋል። ስትሮክ ያለፈበትን ልጅም ቤት አትደብቁት። የደከመውን እጁን በየቀኑ አሠሩት፣ ለመምህሩ ሕመሙን አስረዱለት፣ ትምህርቱን ይቀጥል። የልጅ አንጎል ከአዋቂ ይልቅ የማገገም ዕድል አለውና ቶሎ ጀምሩለት።