ዘይት ሻጩን አንቀጽ 11 አይሸፍነውም

በፈውስ ስም ዘይትና ውኃ ስለሚሸጡ «ነቢያት» ሹማምንት ሲጠየቁ የሚመልሱት አንድ ነው፦ «መንግሥት በሃይማኖት ጉዳይ ጣልቃ አይገባም»። የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 11 ጠቅሰው ነገሩን ይዘጉታል።

አንቀጹ ግን ብቻውን አልቆመም። ያው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 27 ንዑስ አንቀጽ 5 እምነትን መግለጽ ለሕዝብ ደኅንነት፣ ለጤና፣ ለሞራልና ለሌሎች ሰዎች መብት ሲባል በሕግ ሊገደብ እንደሚችል ይደነግጋል። ኪኒኗን እንድትጥል በመድረክ የተነገራት የስኳር ሕመምተኛ ጉዳይ የጤና ጉዳይ ነው። «ዘር ዝሪ» ተብላ የቤት ኪራይዋን ያስረከበችው እናት ጉዳይ ደግሞ የገንዘብ ነው፤ ሰውን በሐሰት አሳምኖ ንብረቱን መውሰድ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አታላይነት ይባላል። ሐሰተኛ መድኃኒት የሸጠ ነጋዴ ሲያዝ ሃይማኖቱን የሚጠይቅ ፖሊስ የለም። ማይክ የያዘው በምን ይለያል? ሹማምንቱ የሚነጋገሩት አካል ጠፋ እንዳይባልም የወንጌላውያን ካውንስል በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ ሕጋዊ ሰውነት አግኝቷል። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ምእመናን ጸበሉንም የኤችአይቪ መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ ሲመክሩ የተደፈረ እምነት አልነበረም፤ የዳነ ሰው ግን አለ።

ከገንዘቡ ይልቅ እኔን የሚያመኝ ለ«ነቢያቱ» የሚደረገው ስግደት ነው። ወንጌላውያን ለሥዕል አንሰግድም ብለው ከዘመድ ተለይተዋል፣ በደርግ ዘመን ታስረዋል፤ ከመካከላቸው ቄስ ጉዲና ቱምሳ በ1971 ዓ.ም. ተገድለዋል። ያን ሁሉ ዋጋ ከከፈሉት ሰዎች ልጆች መካከል ዛሬ የ«ነቢዩን» ፎቶ ሳሎን የሚሰቅል፣ መኪና ላይ የሚለጥፍ፣ ነቢዩን የጠየቀውን ሁሉ «የተቀባውን አትንካ» ብሎ የሚያስፈራራ አለ። የጎረቤቱን ሥዕል ጣዖት ያለ አፍ የራሱን ጣዖት ሊጠራው አልቻለም። እኛም ኦርቶዶክሶች ንጹሕ አይደለንም፤ ከየት እንደመጣ ያልታወቀ «ባሕታዊ» እግር ሥር ስንወድቅ ቀኖናውን የጠየቀ የለም።

ሕጉ ይሠራበት ስል ግን የምፈራው አለኝ። በጉዛራ ቤተ መንግሥት ሥር ለምንኖር የእንፍራንዝ ሰዎች ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት በአዋጅ ሊጭን ሲል የፈሰሰው ደም ሩቅ ታሪክ አይደለም። ከእርሱ በፊት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ጣዖትን አጠፋለሁ ብሎ ተነሣ፤ በዚያው ክንዱ ለሥዕልና ለመስቀል አንሰግድም ያሉትን የደቂቀ እስጢፋኖስ መነኮሳት አሠቃየ። እርሱም ሃይማኖትን የሚያጠራ መስሎት ነበር። ዛሬ አታላዩን ከአማኙ ለይቶ የሚይዝ መርማሪና ዳኛ አለን? አለን ብዬ ለመጻፍ እጄ አልታዘዘኝም።