መርዶ እንኳ ሲነጋ ይነገራል

«እጅሽን ከአናትሽ ላይ አውርጂ! ማንን ልትቀብሪ ነው?»

ልጆች ሳለን እህቴ ሁለት እጇን አናቷ ላይ ጭና የተገኘች እንደሆነ ከእናታችን አፍ የሚወጣው ይኸው ነበር። ነጠላ ዘቅዝቆ መልበስም ሟርት ነው፤ የሐዘንተኛ አለባበስ ነዋ! «ጥርሴ ሲወልቅ በሕልሜ አየሁ» ያለ ልጅ አፉ ይያዛል፤ ከዘመድ አንዱ ሊሞት ነው ማለት ነው። ሌሊት ውሻ ካላዘነ አያቴ ከአልጋዋ ተነስታ ታማትብና «ለጠላቴ ያድርገው!» ትላለች። ከቀብር የተመለሰ ሰው እጁን ሳይታጠብ ሕፃን አያቅፍም። «ሞተ» የሚለው ቃልማ በልጅ ፊት ጨርሶ አይነሳም። አጎቴ የሞተ ጊዜ ለእኛ የተነገረን «ክፍለ አገር ሄዷል» ተብሎ ነው። ብርቱካን ይዞልን እስኪመጣ ዓመት ሙሉ ጠበቅነው።

አንባቢ ይሳቅ፤ እኔም እስቃለሁ። ነገር ግን ከዚያ ቤት አንድ ክፉ ትምህርት ይዤ ወጥቻለሁ፦ ጥፋተኛው የገደለው ሳይሆን ሞትን በስሙ የጠራው ነው።

በ1991 የአንዲት ጎረቤታችን ልጅ ወደ ባድመ ዘመተ። በታኅሣሥ 1993 አልጀርስ ላይ የሰላም ስምምነት ተፈረመ፤ ልጁ ግን አልመጣም። አብሮት የዘመተ ጓደኛው ለሰፈሩ ሰዎች በሹክሹክታ ነገራቸው። እናትየው ዘንድ ማን ይሂድ? ከመንግሥት የመጣ ወረቀት የለም። እድሩ ጥሩምባ ማስነፋት ፈራ። እሳቸው ቡና ላይ «ጥርሴ ሲወልቅ አየሁ» ሲሉ ሴቶቹ ሁሉ የሚያውቁትን ውጠው «ሕልም እልም» አሏቸው። ሌሊት ውሻ ሲያላዝን ወጥተው ድንጋይ ሲወረውሩ እሰማ ነበር። መርዶው የደረሳቸው ሰላም ከወረደ ከሁለት ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

ለመሆኑ ይህ የኢሕአዴግ ብቻ ጠባይ ነው? አይደለም። ደርግ በነሐሴ 1967 ጃንሆይ በሕመም ሞቱ አለ፤ የት እንደቀበራቸው ግን አልተናገረም። አጽማቸው ከቤተ መንግሥቱ ግቢ የወጣው በ1984፣ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል የተቀበሩት በ1993 ነው። በቀይ ሽብር ጊዜ ደግሞ እናት በልጇ ሬሳ ላይ እንዳታለቅስ ተከለከለች። የጥይቱን ዋጋ ክፈሉ የተባሉም ነበሩ!

የዛሬዎቹስ? በጥቅምት 2013 የተጀመረው የሰሜኑ ጦርነት በጥቅምት 2015 ፕሪቶሪያ ላይ በተፈረመው ስምምነት ቆመ። ትግራይ ውስጥ ጊዜያዊው አስተዳደር የ3 ቀን ሐዘን አውጆ ለቤተሰቦች መርዶ የተነገረው በጥቅምት 2016 ነው፤ እሱም ዓመት ያህል ዘግይቶ። የፌዴራሉ መንግሥት ግን ስንት ወታደር እንደሞተበት ቆጥሮ ለሕዝብ አልነገረም። ጠያቂ ሲመጣ ባለሥልጣኖቻችን የሚያውቁት መልስ የእናቴን ነው፦ «ሟርተኛ!»

ልዩነቱን ልብ በሉ። የእናቴ ቤት ምስጢር ልክ ነበረው። መርዶ በሌሊት አይነገርም፤ ለቅሶኛው ብቻውን እንዳይሆን፣ ራሱን እንዳይጎዳ ነው። ጎህ ሲቀድ ግን ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ በሩን ያንኳኳል፤ ደጋፊ ክንድ አዘጋጅቶ ይነግራል። የመንግሥት ሌሊት መቼ ነው የሚነጋው? እናት ሳታለቅስ፣ ሚስት ከል ሳትለብስ፣ ቄስ ሳይፈታ፣ ተዝካር ሳይወጣ ስንት ዓመት ይጠበቃል? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ሙታኑን የደበቀ አገርም ከሚቀጥለው ጦርነት የሚያስጥለው የለም። ያለፈው ስንት እንዳስከፈለ ያልተነገረው ሕዝብ ለሚመጣው ልጁን በምን ሒሳብ ይከልክል?

ስለዚህ ጥያቄያችን ቀላል ነው። በየትኛውም ወገን የተሰለፈ ይሁን፣ የሞተው ሰው ስም ለቤተሰቡ በወረቀት ይድረስ። ድንኳኑን እድሩ ይተክላል፤ ንፍሮውን ጎረቤት ይቀቅላል፤ ለቅሶውንም እኛ እናውቅበታለን። ከመንግሥት የምንፈልገው ስሙን ብቻ ነው።