ዳገት ላይ መኪና ስለ ማስነሣትና ስለ ፈተናው ነጥብ

እኔ የሪራ ልጅ ነኝ። ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለውን የሳነቴን ሜዳ ካቋረጠ በኋላ፥ እየተጠማዘዘ ወደ ሐረና ደን ሲወርድ መንደራችንን ያገኛል። በዚህ መንገድ ላይ የጭነት መኪና ዳገት መካከል ሲቆም፥ ረዳቱ ታኮ ይዞ ሲዘል እያየሁ አድጌአለሁ። ታኮው ከጎማው ሥር እስኪገባ ድረስ በስተኋላ ያለነው እግረኞች ትንፋሻችንን ይዘን እንቆማለን።

ዘንድሮ 18 ዓመት ስለ ሞላኝ መንጃ ፈቃድ ለማውጣት አስቤአለሁ። ስለዚህ አጎቴ ሲፈተን ለማየት አብሬው ሄጄ ነበር። አጎቴ ዳገቱ ላይ ቆሞ የእጅ ፍሬኑን ሳበ፤ ነገር ግን ፍሪሲዮኑን ቶሎ ስለ ለቀቀው ሞተሩ ጠፋ። መኪናው ስንዝር እንኳ ወደ ኋላ አላለም። እንደ ገና አስነሥቶ በደኅና ወጣ፤ ሆኖም ወደቀ። ከእርሱ ቀጥሎ የተፈተነው ወጣት ሞተሩን አላጠፋም፤ መኪናው ግን አንድ ክንድ ያህል ወደ ኋላ ከተንሸራተተ በኋላ ተፈናጥሮ ወጣ። እርሱ አለፈ።

ይህን የምጽፈው አጎቴ ስለ ወደቀ ብቻ አይምሰላችሁ። ሞተር ማጥፋት ጥፋት መሆኑን አልክድም፤ ከኋላ የሚመጣውን ያግዳልና። ነገር ግን የጠፋ ሞተር ይነሣል፤ መኪና የገጨው ሕፃን ግን ላይነሣ ይችላል።

ደግሞም በሳነቴ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳር ካለው ከመቶ 60 እጅ ያህል ብቻ ስለ ሆነ፥ ቱርቦ የሌለው ሞተር ጕልበቱ ይቀንሳል። ስለዚህ በእኛ አገር ሞተር ማጥፋት ለጐበዝ ነጅም ያጋጥመዋል። ወደ ኋላ አለመንሸራተት ግን በነጁ እጅ ያለ ነገር ነው፤ ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርጎ መልቀቅ፥ የሞተሩ ድምፅ ሲወፍር ነዳጅ መጨመር፥ መኪናው ወደ ፊት መሳብ ሲጀምር የእጅ ፍሬኑን ማውረድ ነው።

በእንግሊዝ አገር የመንጃ ፈተና እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1935 ግዴታ ሆነ። በዛሬው ደንባቸው እስከ 15 ቀላል ጥፋት የሠራ ተፈታኝ ያልፋል፤ አንድ ከባድ ወይም አደገኛ ጥፋት የሠራ ግን ይወድቃል። እኛም ቀላሉን ከከባዱ ብንለይ መልካም ይመስለኛል።

ሐሳቤ ይህ ነው። ፈታኙ ከኋላ ጎማ በስተኋላ፥ አንድ ጫማ ርቆ፥ በኖራ መስመር ያስምር። ጎማው መስመሩን ቢነካ ተፈታኙ ይውደቅ። ሞተሩን አጥፍቶ መኪናውን የያዘ ግን ጥቂት ነጥብ ተቀንሶበት ዳግመኛ ይሞክር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና፥ ፈተናው ችኰላን አይሸልም።

ወላጆችና መምህራን ሆይ! ዳገቱን ከመኪናው በስተኋላ ሆነው የሚወጡት ልጆቻችሁ ናቸው።