የአይፎርድ አትክልትና ስደተኞቹ ድንጋዮች



ባለፈው ክረምት (ለእንግሊዞች በጋ ነው) ታላቅ እኅቴን ልጠይቅ ሄጄ ሳለ፥ ከባዝ ከተማ ጥቂት ራቅ ብሎ በፍሩም ወንዝ ዳር ያለውን የአይፎርድን አትክልት አየሁ። ቦታውን እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1899 ዓ.ም. የገዛው ሃሮልድ ፒቶ የተባለ አርክቴክት ነው። ዳገቱን በኢጣልያ አትክልት አምሳል በእርከን በእርከን አበጀው፤ ደረጃ በደረጃ ላይ፥ የፈረንጅ ጥድ፥ ዓምድ፥ ሐውልት፤ ከታች ደግሞ ወንዙ በድልድዩ ሥር ቀስ ብሎ ያልፋል። ፒቶ አትክልት በአበባ ብቻ አያምርም፥ ድንጋይና ተክል ሲዋሐዱ ነው የሚል እምነት ነበረው። እኔም ካየሁ በኋላ አምኜለታለሁ።

ነገር ግን ብዙዎቹ ድንጋዮች የአገሩ ተወላጆች አይደሉም። ፒቶ ከኢጣልያና ከሌላም አገር የሰበሰባቸው ናቸው፤ ለእነርሱም ማኖሪያ ዙሪያው በቅስት የተከበበ፥ የገዳም አደባባይ የሚመስል ቤት በ1914 አሠራ። እዚያ ጥላ ሥር እንደ ተቀመጥሁ ሐሳቤ ወደ አክሱም ሄደ። በ1937 ፋሽስቶች የአክሱምን ሐውልት ወደ ሮም ሲያጓጉዙ፥ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዚህ አትክልት ብዙም በማይርቀው በባዝ በስደት ላይ ነበሩ። ኢጣልያ የወሰደችውን እንድትመልስ በ1947 የሰላም ውል ብትገደድም፥ ሐውልቱ አገሩ የገባው በ2005፥ ቆሞ የታየው በ2008 ነው።

እኅቴ ይህን ብነግራት፥ «ፒቶ እኮ ሰብሳቢ እንጂ ወራሪ አይደለም፤ ደግሞስ ተሰባብሮ ከሚቀር እዚህ ቢጠበቅ አይሻልም?» አለችኝ። ልክ ናት፤ ገዝቶ ማምጣትና ዘርፎ መውሰድ አንድ አይደሉም። እኔን ያሳሰበኝ ግን ድንጋዩ ራሱ ልዩነቱን አለመናገሩ ነው። የተገዛውም የተዘረፈውም በጥድ ጥላ ሥር ሲቆም እኩል ያምራል። የእኛ ሐውልት ሮም አደባባይ በቆመባቸው ስድሳ ስድስት ዓመታት ስንቱ መንገደኛ የከተማው ጌጥ ነው ብሎ አልፎ ይሆን?

ስለዚህ የጥንት ድንጋይ የሚያሳይ ሁሉ፥ ቤተ መዘክርም ይሁን የግል አትክልት፥ ከየት አገር እንደ መጣና በምን መንገድ እንደ ተገኘ አጠገቡ ጽፎ ማኖር ይገባዋል እላለሁ።

እኅቴ ግን በየድንጋዩ አጠገብ ጽሑፍ ቢቆም አትክልቱ የመቃብር ቦታ ይመስላል ትላለች። ይምሰል።