ስድስት ፓርክ በስምንት ቀን? ተዉት

እማዬ የአሜሪካ ቪዛ ባገኘች ማግስት፣ ባለፈው ዓመት መጋቢት ላይ፣ ባለቤቴ ላፕቶፑን ከፍቶ የእንቁጣጣሽን ጉዞ ማቀድ ጀመረ። ሁለታችንም ከሥራ ያገኘነው ፈቃድ ስምንት ሌሊት ነው። ከላስ ቬጋስ አርቪ፣ ያው አልጋ፣ ማድቤትና መጸዳጃ ያለውን መኪና፣ ተከራይተን እንወጣለን። ሰንጠረዡ ላይ ፓርኮቹ በተራ ተደርድረዋል፦ ጽዮን፣ ብራይስ ካንየን፣ ካፒቶል ሪፍ፣ አርችስ፣ ካንየንላንድስ፣ ከዚያ ወደ ደቡብ ታጥፎ ግራንድ ካንየን። ስድስት ብሔራዊ ፓርክ፣ ከ1100 ማይል በላይ። ካርታ ላይ ሁሉም ጎረቤታሞች ይመስላሉ።

እኔ ያየሁት ሌላ ነገር ነው። እማዬ 74 ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷን ያማታል፣ የደም ግፊት መድኃኒት ትወስዳለች። ትንሹን ልጃችንን ከቪዲዮ ውጭ አይታው አታውቅም። እኛ ጋ በምትቆይባቸው ወራት እኛ ሥራ፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት፣ እሷ ደግሞ ቤት ውስጥ ከቴሌቪዥን ጋር እንደምትውል አውቃለሁ። ሁላችንም ሙሉ ቀን አብረን የምንውለው በእነዚያ ስምንት ቀናት ብቻ ነው። በሰንጠረዡ መሠረት ግን ግማሹን የምታሳልፈው የባለቤቴን ማጅራት እያየች ነው።

ብዙ ሰው አርቪ ሲባል ጋደም ብሎ፣ ቡና እያፈላ የሚጓዝ ይመስለዋል። አይደለም። መኪናው ሲንቀሳቀስ ሁሉም ወንበሩ ላይ ቀበቶ አስሮ ነው፤ አልጋው ሲቆም እንጂ ሲነዳ አይተኛበትም። 25 ጫማ የሚረዝም መኪና ዳገት ላይ እንደ ቤት መኪና አይሮጥም፤ በአንድ ጋሎን ቤንዚን 8 ወይም 10 ማይል ቢሄድ ነው። ካርታው አራት ሰዓት ካላችሁ፣ ነዳጁ፣ ምሳውና የልጆቹ ሽንት ተደምሮ አምስት ሰዓት ተኩል በሉት። ብዙዎቹ አከራዮች ደግሞ ከቀን ኪራዩ ሌላ በማይል ያስከፍላሉ። የተጨመረ ፓርክ ሁሉ ከኪስም ከወገብም ይወጣል።

ስለዚህ አንድ ሕግ አወጣሁ፦ የትም ቦታ ከሁለት ሌሊት ያነሰ አናድርም። በዚህ ሕግ ካፒቶል ሪፍ፣ አርችስና ካንየንላንድስ ወደቁ። ባለቤቴ ለአርችስ ብቻ ሦስት ቀን ተከራክሯል። የተረፈው ጽዮን ሦስት ሌሊት፣ ብራይስ ሦስት፣ ግራንድ ካንየን ሁለት ሆነ።

በመጋቢት መጀመራችን ጠቀመን። ጽዮን ውስጥ ያለው ዋችማን የተባለው የካምፕ ቦታ በሬክሪየሽን ዶት ጎቭ ስድስት ወር ቀድሞ ይያዛል፤ በተከፈተበት ጠዋት ያልፈጠነ አያገኝም። ዋችማንን የመረጥነው የመብራት መሰኪያ ያላቸው ቦታዎች ስላሉት ነው። መስከረም መጀመሪያ ላይ በዚያ ሸለቆ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ያልፋል፤ ያለ ኤሲ አዛውንት ይዞ መኪና ውስጥ መዋል አይታሰብም። ብራይስ ፓርክ ውስጥ ያሉት የካምፕ ቦታዎች ግን መሰኪያ የላቸውም፤ ከበሩ ውጭ የግል ካምፕ ያዝን። እግረ መንገዴን ቅርቡ ሆስፒታል የት እንዳለም አየሁ። ለብራይስ ፓንጉዊች የምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ወረቀት ላይ ጽፌ ከእማዬ መድኃኒት ጋር አሰርኩት፤ ተራራ ላይ ስልክ ላይሠራ ይችላል።

ዘንድሮ ለምታስቡ ሁለት ለውጥ አለ። ከጽዮን ወደ ብራይስ የሚያሳጥረው መንገድ በ1930 በተጠናቀቀ ዋሻ ውስጥ ያልፋል፤ ዋሻው ለዚያ ዘመን መኪና የተሠራ ነው። እኛ በፈቃድና በክፍያ፣ ከወዲያ የሚመጣውን ትራፊክ አስቁመውልን በመሐል አለፍን። ከ2026 አጋማሽ ጀምሮ ግን ፓርኩ ትላልቅ መኪኖች በዚያ መንገድ እንዳይሄዱ ወስኗል፤ አብዛኛው ኪራይ አርቪም ከመጠኑ ይበልጣል። የስልካችሁ ካርታ ይህን ላያውቅ ይችላልና በዙሪያው የሚሄደውን መንገድ ከአሁኑ አስሉት። ሁለተኛው ክፍያ ነው። ለአሜሪካ ነዋሪ ዓመታዊው ፓስ 80 ዶላር ሲሆን ነዋሪ ላልሆነ ግን ከ2026 መግቢያ ጀምሮ 250 ሆኗል። ፓስ የሌለው የውጭ እንግዳ ዕድሜው 16 ከሞላ ጽዮንን፣ ብራይስንና ግራንድ ካንየንን ጨምሮ በ11 ፓርኮች ተጨማሪ 100 ዶላር ይጠየቃል። እናት አባት ከአገር ቤት ለሚያመጣ ይህ ትንሽ ገንዘብ አይደለም።

ምግቡን እማዬ ራሷ አቀደችው። የአርቪ ማቀዝቀዣ ትንሽ ነው፤ የስምንት ቀን እንጀራ አይችልም። የሦስት ቀን ያዝን፣ ለቀሪው ድርቆሽ አደረቀች፣ ሽሮ፣ በሶና ዳቦ ቆሎ ጨመረች። ያላሰብነው የቡናውን ነገር ነው። በመጀመሪያው ጠዋት ውስጥ ልትቆላ ምጣዱን ጣደች፤ ገና ሳይጠቁር የጭስ ማስጠንቀቂያው ካምፑን በሙሉ ቀሰቀሰ። ውጭ በከሰል እንዳንል የእሳት እገዳ ነበር፤ በዚያ አገር በደረቅ ወራት የተለመደ ነው። በእገዳው የተፈቀደችው ትንሽ የጋዝ ምድጃ ናትና ጀበናዋ ከዚያ በኋላ እሷ ላይ ተጣደች። ምድጃዋን ሳትይዙ አትውጡ። ስለ ቆሻሻ ውሃው ጋን ብዙ አልልም፤ የባለቤቴ ሥራ ነበር፣ ጓንት ይዛችሁ ሂዱ።

ጽዮን ውስጥ የሸለቆው ዋና መንገድ ከመጋቢት እስከ ኅዳር አካባቢ ለግል መኪና ዝግ ነው። በነፃ የፓርኩ አውቶቡስ ነው የሚገባው፤ ለእኛ በረከት ሆነ። አርቪው ካምፑ ላይ ቆሞ ቀረ፣ እማዬ መስኮት አጠገብ ተቀመጠች። ገና ከአገር ቤት ሳትነሳ "ጽዮን" የሚለውን ስም ስትሰማ ነው ልቧ የሄደው። ሦስት ነጭና ቀይ ጫፎች ጎን ለጎን የቆሙበት ፌርማታ ስንደርስ ልጄ የተራሮቹን ስም ተረጎመችላት፦ አብርሃም፣ ይስሐቅ፣ ያዕቆብ።

"ማን አላቸው?"

በ1916 አንድ የሜቶዲስት ቄስ ያወጡት ስም እንደሆነ ከፓርኩ ጽሑፍ ነገርኳት። አማተበችና "አውርዱኝ" አለች። ወረድን። ለዚያ ቀን ያቀድነው እስከ መጨረሻው ፌርማታ ሄደን በወንዙ ዳር ባለው የተነጠፈ መንገድ መራመድ ነበር፤ እሷ ግን ጥላ ፈልጋ ተቀመጠች። ትንሹን ልጄን አጠገቧ አድርጋ ይስሐቅ ለመሥዋዕት ሲሄድ እንጨቱን ራሱ እንደተሸከመ ስትነግረው፣ አማርኛው ተሰባብሮ እንኳ አንድ ቃል እንዳያመልጠው አፏን አፏን ያያል። "ቢላው ሲነሳ አልሮጠም?" አላት። ሦስት አውቶቡስ አለፈን። በመጀመሪያው ሰንጠረዥ በዚያ ሰዓት ጽዮንን ጨርሰን መንገድ ላይ ነበርን። ወንዙ ጋ በማግስቱ ሄድን፤ ባለቤቴና ትልቋ ልጄ ደግሞ በዕጣ ፈቃድ የሚሰጥበትን ኤንጅልስ ላንዲንግን በጠዋት ወጥተው ተመለሱ።

ብራይስ ላይ ነገሩ ተገለበጠ። የገደሉ ጫፍ ከ2400 እስከ 2700 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ አዲስ አበባ ማለት ነው። እኛ 600 ሜትር ላይ የምንኖረው ስናለከልክ፣ እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ በተነጠፈው ዳርቻ ፊት ፊት ትሄዳለች። "ምን ሆናችሁ? ታማችሁ ነው?" ትለናለች ዞር ብላ። ከታች እንደ ሻማ የቆሙት ቀይ ዓለቶች የውርጭ ሥራ ናቸው፤ የዓመቱን ግማሽ ያህል ሌሊት ውሃው ስንጥቁ ውስጥ ይረጋል፣ ቀን ይቀልጣል፣ ዓለቱን እየሰነጠቀ ይቀርጸዋል። ሌሊቱ በመስከረምም ይበርዳል፤ ጋቢ ያዙ።

እንቁጣጣሽ የዋለው እዚያ ነው። መንገድ ዳር ቢጫ አበባ ያወጣ ቁጥቋጦ ስታይ እማዬ ጎንበስ አለች፣ ለቄጠማውም ለአደዩም ምትክ ልትቆርጥ። በዋዜማው የጁኒየር ሬንጀር መጽሐፉን ሞልቶ ባጅ የተሰጠው ልጄ እጇን ያዛት። "አያቴ፣ ፓርክ ውስጥ አይቆረጥም!" እየሳቀች ተወችው። ማታ አበባውን በወረቀት ስሎ አመጣላት።

እዚያ ላይ ብናቆም ጥሩ ነበር። ከብራይስ ወደ ግራንድ ካንየን ደቡብ ጫፍ የነዳንበት ቀን ከጠዋት እስከ አመሻሽ ፈጀ፤ ስንደርስ የእማዬ እግር አብጦ ጫማዋ አልገባ አላት። ያን ማታ እግሯን ትራስ ላይ ሰቅለን አሳደርናት፤ እኔ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጠዋት ቀስ ብለን አጥሩ ጋ አደረስናት። 1500 ሜትር ያህል ወደ ታች የሚወርደውን ገደል ዝም ብላ አየች።

"ይሄማ አባይ በረሃ ነው" አለች። "በአውቶቡስ ስንቴ ተሻግሬዋለሁ።" ባለቤቴ እንዳይከፋው አስባ ነው መሰል ቀስ ብላ ጨመረች፦ "ይሄኛው ትንሽ ይሰፋል።"

ዘንድሮ ለእንቁጣጣሽ የሚመጡት አማቼ ናቸው፤ 78 ዓመታቸው ነው። ባለቤቴ አዲሱን ሰንጠረዥ ባለፈው ሳምንት አሳየኝ። ጽዮን አራት ሌሊት፣ ብራይስ አራት። አርችስ የሚል ቃል ጥግ ላይ በደቃቅ ፊደል ተጽፏል፤ አይቼ እንዳላየሁ አልፌዋለሁ።